ካሰች እሺ የምትለው ሐኪም

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

የእጅ ጽሕፈቱ የሴት ልጄ የውዴ ነው። ቃሉ የእኔ፣ የጌጡ። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ መጻፍ አመሏ ሆኗል። ሐኪም ቤቱ ውስጥ እየጮሁ በሽተኛ ከሚረብሹ ለእኔ ይንገሩኝና ልጻፈው አለችኝ። ጻፊያ!

ከቀያችን ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት የመጣነው ለሚስቴ ለካሰች ነው። ልቧ ደክሟል አሉ። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏል።

ዛሬ አዲሱ ዶክተር መጣ። ታሪኩ ይሉታል። ዘንድሮ ነው የተመረቀ፣ ጢሙ ገና ቡቃያ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እጇን ያዘ። «እማማ፣ ይቺን ኪኒን ጠዋት ጠዋት ይዋጡልኝ።»

«እሺ ልጄ።»

እሺ? እኔን ካገባችኝ ጀምሮ መች እሺ ብላኝ ታውቃለች? በሬውን ልሽጥ ስል እምቢ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ልውሰድሽ ስል እምቢ። ለዚህ ቡቃያ ግን... እሺ ልጄ።

መጋቢት 4

ዛሬም መጣ። ዛሬም እሺ። ሳቀችለትም።

መጋቢት 5

ዛሬ ያየሁትን አልናገርም። ጌጡ ደስ ብሎታል ብለሽ ብቻ ጻፊ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

እብጠቱ ጉልበቷን አለፈ። ትንፋሽ ያጥራታል። ዶክተሩ «መድኃኒቱ እምቢ አለ፣ ባሕር ዳር ልልካት ነው» ይላል።

ልናገረው... መድኃኒቱ መች ሆዷ ገባ? ያን ደስ ያለኝ ለት ዶክተሩ ዞር ሲልላት ከምላሷ ሥር አውጥታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስትቋጥረው አየሁ። ሁዳዴ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በአፌ ምን ይገባል አለችኝ። ታዲያ ለምን አትነግሪውም ብላት፣ የሰው ልጅ ነው፣ ለምን አስቀይመዋለሁ አለች። እኔም ዝም አልኩ። ይዋረድ ብዬ...

ውዴ ብዕሩን ወርውራ ተነስታ ነበር። ቁጭ በይ፣ እኔው እነግረዋለሁ።

መጋቢት 10

ኮሪደሩ ላይ አቆምኩት። «ስማ አንተ ልጅ። እዚህ አገር እሺ ስላሉህ ብቻ አትመን። እንግዳ ነህና ማንም አያስቀይምህም። ጾመሽ በስንት ሰዓት ትቀምሻለሽ ብለህ ጠይቅ። ባሏ እዚሁ ተገትሯል፣ እሱንም ጠይቅ።»

ይቆጣል ስል ፊቱ ቀላ እንጂ አልተቆጣም። «አባባ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?»

 ሽማግሌ ሰው ቀንቼ ነው ይላል? ክንዱን ይዤ ወደ አልጋዋ መራሁት።

ገብቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ኪኒኗ በቀን አንዴ ናት፣ ዘጠኝ ሰዓትም ይሆናል፣ ብቻ ትዋጥ አላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋጠች። አፏን አስከፍቼ አየሁ።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

መድኃኒቱ ሲያሸናት ከረመ። የእግሯ እብጠት ጎደለ፣ ጫማዋ ገባ። ተመስገን። ነገ እንወጣለን።

ዛሬ ዶክተሩ ሥራ በዝቶበት ኪኒኑን በስድስት ሰዓት ይዞ ቢመጣ፣ «እምቢ! ቅዳሴ ሳይወጣ? ደግሞ ጠጉርህን አበጥር» አለችው። እየሳቀ ወጥቶ በዘጠኝ ተመለሰ። እንደ ቤቷ ሰው ትቆጣዋለች እኮ።

እሺታዋን ሲወስድ ከንቱ ነገር ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር፤ ለእንግዳ ሁሉ የምትሰጠው። እምቢታዋ ግን የእኔ ነበር። አሁን እሱንም ሰጠችው። አሁንም ያንገበግበኛል፣ ምን ላድርግ?

ግን ዝም ማለቱን ከእንግዲህ አልችልም። በይ ውዴ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ እናትሽም ትስማ።