ቀዩ ሳፋ

ገለምሶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዩስራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እህትሽ ጭሮ ከተማ በደንብ ትይዝሻለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ያልደወልኩልሽ ባልሽ፣ ልጄ ሳቢር፣ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ፣ እኔም ድምፅሽን ስሰማ ስለማለቅስ ነው።

ቀዩን ሳፋ ታውቂዋለሽ፤ ሳቢር ጫት ሲረጭ የዋለበትን ልብስ የምታጥቢበት፣ ለቅለቅ አድርገን ደግሞ ቲማቲም የምናጥብበት። ጭሮ ካንቺ ጋር ሐኪሟ ዘንድ ገብቶ የተመለሰ ዕለት በሚስማር ሲበሳው አገኘሁት። «አብደሃል?» አልኩት። ሐኪሟ የነገረችውን ነገረኝ። ከምንረጨው የተባይ መድኃኒት አንዳንዱ ልብስ ላይ ቀርቶ በአጣቢዋ እጅ ወደ ሰውነቷ ይገባል አሉ። ገብቶም ሆርሞኗን ያዛባል፤ የወር አበባዋንም ፅንሷንም ሊያውክ ይችላል። ሁለቴ የጨነገፈብሽ በዚህ ነው ብላ ግን አልማለችም። ጥፋቱ ያንቺ ነው ብሎ የማለው ሰፈርተኛ ግን ስንቱ ነው!

አሁን ሳቢር የራሳችንን ማሳ መርጨት ትቷል፤ ትሉን በእጁ ይለቅማል። ነጋዴዎቹ ቅጠሉ ተበልቷል እያሉ ያጣጥሉበታል። የሰው ማሳ ረጭቶ ሲመጣ ደግሞ ልብሱን ከአጥር ውጭ አውልቆ፣ ጓንት አጥልቆ ራሱ ያጥባል። ሱሪ ሲያጥብ ብታዪው ዶሮ የሚያንቅ ይመስልሻል። ጎረቤት ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ።

ጭሮ መጥታ ካየችሽ ከጎረቤታችን ከመይሙና ጋር የላክሽው ቃል ደርሶኛል። «ሌላ ያግባና ልጅ ይውለድ» ብለሻል። አጎቱም በክሪ ይህንኑ ሊመክር መጥቶ ነበር፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዳለት ሸኘሁት። ያንቺን ቃል ለሳቢር አልነገርኩትም። አልነግረውምም።

እኔም የአባቱን ልብስ ስንት ዓመት አጥቤያለሁ። ከሳቢር በኋላ ለምን ሳልወልድ እንደቀረሁ የጠየቀኝ የለም፤ ሆዴ ውስጥ ሳሉ ለሄዱትም ስም ያወጣላቸው የለም። አንቺ ግን የምትጠይቅሽ ሐኪም አለችሽ። የወር አበባሽ ጊዜውን ጠብቆ መምጣት ጀመረ ብላ እህትሽ ስትነግረኝ ብቻዬን እልል አልኩ።

አዲስ ሳፋ ገዝቻለሁ፣ አረንጓዴ። ገና ውሃ አልነካውም። ለምን እንደገዛሁት አትጠይቂኝ።

የልጅ ልጅ እፈልጋለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን አንዷ ልጄ ጭሮ ተቀምጣ አልመጣም ብላኛለች። መጀመሪያ እሷ ትምጣልኝ።

አላህ ጤናሽን ሙሉ ያድርግልሽ፤ መንገዱንም ያቅልልሽ።

እናትሽ ሞሚና