ሁለት ሜትር ከአርባ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሹ ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰ ወይስ ገና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። እሱም ቢሆን ጠዋትና ማታ የውሃውን ከፍታ መለኪያ ላነብ ወደ ወንዙ ስወርድ ዝም ብሎ፣ ስወጣ ነው የሚነጫነጨው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ስለሰፋብኝ የምተኛው ሳሎን ነው።

በክረምቱ መግቢያ ደውለሽ ያለቀስሽው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሬዲዮው «በሰው ልጅ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ጎርፍ» ብሎ ነበር። ሰነዶቼን በላስቲክ ጠቅልዬ እንድወጣ ለመንሽኝ፤ እኔም ሳቅኩብሽ። የዚያን ቀን ውሃው ሦስት ሜትር ከአሥር ነበር። እኔ በለካሁበት ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ሲደርስ አራተኛው ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ድንጋዮቹን ሸፍኖ ተመለሰ። ታሪክ አያውቀውም ያሉትን እኔ በእርሳስ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

የዚያን ቀን የመጣው የሬዲዮው ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን አፌ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረውም፤ ሁኔታውን እንዴት ይገልጹታል አለኝ። ሦስት ሜትር ከአሥር አልኩት። ስሜትዎንስ ሲለኝ፣ ለስሜት የተሰመረ ዓምድ የለንም አልኩት፤ ኩርፍ ብሎ ሄደ። ወንዙ እንደ ድሮው ነው አልልሽም፤ ቶሎ ቶሎ መሙላቱን ደብተሬ ራሱ ይመሰክራል። ግን ውሃ በመጣ ቁጥር «መቅሰፍት» ከተባለ የእውነቱ ቀን ሲመጣ ምን ሊሉት ነው? ቃል ያልቅባቸዋል። ንዴቴ ይኸው ነው።

ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ፤ አንቺም ዝም አልሽ። አልወቅስሽም፤ ሥራ አለሽ፣ ልጆች አሉሽ። እንዲሁ ዘጠኝ ሳምንት አለፈ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ውሃው ሁለት ሜትር ከአርባ ነበር፤ ለክረምት ምንም ማለት አይደለም። ከቁጥሩ ጎን «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰረዝ ብቻ ነበር የማደርግበት። የዚያን ቀን «እጅግ አሥጊ» ብዬ ጻፍኩ። ንባቤን የምልክለት የውሃ ቢሮ ጸሐፊ ደውላ እርግጠኛ ነዎት ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ቀትር ላይ ሬዲዮው አወራው። ከሰዓት በኋላ ደወልሽ፤ ማታም ደገምሽ። ስልኩን ለትንሹ ስትሰጭው፣ አያቴ ዋና ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ዓሣ አልኩት። ሦስታችንም እንዴት እንደሳቅን!

ከድልድዩ በታች ያሉት ሰዎች ግን አልሳቁም። በሬዲዮ ወሬማ ማንም ከቤቱ አይነቃነቅም ነበር፤ ለምደውታል። ቃሉ የኔ ነው ሲባል ነው ፍራሻቸውን ተሸክመው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የገቡት። ልብስ አጣቢዋን አሮጊት ከነወንበሯ ተሸክመው ወሰዷት። ሦስት ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ብርዱ ሳንባዋን መታት፤ እስካሁን ሆስፒታል ናት። ውሃው አልመጣም። ሆኖም ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ለጥንቃቄ ነው፣ እሱ ዋዛ አያውቅም ይላሉ። ልጠይቃት ስሄድ አሮጊቷ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ልጄ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገ ደብተሩን ይዤ ቢሮ እሄዳለሁ። ቁጥሩንና ቃሉን ጎን ለጎን አሳያቸዋለሁ። ሥራውን ይወስዱብኝ ይሆናል፤ ይውሰዱት። አሮጊቷ ጋም ሄጄ አፍ አውጥቼ እነግራታለሁ፤ እሱ ነው የከበደኝ። ለምን ጻፍከው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለዚያ ግን መልስ አልሰጣቸውም።

ክረምቱ እያለቀ ነው። ወንዙ ከእንግዲህ ለሰባት ወር ይወርዳል፤ አንድ ሜትር፣ ከዚያም በታች። ሬዲዮው ስለኛ የሚያወራው ነገር አይኖርም። ማታ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቤት ነኝ። ስልኬ ይሠራል።

ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ሲበቁ ለማየት ያብቃሽ፤ አንቺንም ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ።

አባትሽ