ጨርቁ ነበር

ውድ ስልሳ ስድስት፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ?» ብዬ አልጀምርም፤ አንተ ባለህበት አገር ጤና ማን ይጠይቃል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ልጃችንም ደህና ናት። ከሄድክ ሁለት ዓመት ሆነህ፤ ወርክሾፕህን ካላጸዳን ብላ ስትነዘንዘኝ ከርማ ባለፈው ሐሙስ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እዚያ ያገኘሁት ነገር ነው። በመጀመሪያ ግን የምናዘዘው አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቀበርኩት ውሸት ነው።

በተኳሾች ማኅበር ውስጥ እውነተኛ ስምህን የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ለመጣ ለሄደው ሁሉ ስትሰብክ ነው ቅጽል ስሙ የወጣልህ። «ረጅም ጥይት ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል። በጨርቅ ተጠቅልሎ በአፈሙዝ በኩል የሚገባ ድቡልቡል እርሳስ ግን ጥድፊያ አይወድም። በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ የተቆረጠው ጠመዝማዛ ቦይ ቀስ አድርጎ ያዙረው፤ በስልሳ ስድስት ኢንች አንድ ዙር ይበቃዋል። ካጣደፍከው ቦዩን ዘሎ ያመልጥሃል!» ሠርጋችን ላይ እንኳ ለአጎቴ ይህንኑ ስታስረዳ ነበር። አጎቴ ጫማ ሰፊ ነው፤ ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

የእኔ ድርሻ ጨርቁ ነበር። ከልብስ ስፌቱ በሚተርፈኝ ሰዓት አቡጀዲውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በትልቅ የካፖርት ቁልፍ ልክ እየቆረጥኩ፣ ወዳጅህ ባለ ሉካንዳው በሚሰጠን ሞራ አሽቼ እደረድርልህ ነበር። «መቀሴ» ያልከኝም ለዚህ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሳይታጠብ የሰጠሁህ ጨርቅ አንድም የለም፤ አዲስ አቡጀዲ ካልታጠበ ደርቆ ይቀደዳል፣ እርሳሱም መንገዱን ይስታል። ይህን ያዝልኝ።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። አምስቱንም እርሳስ በስኒ አፍ ልክ የምትሰበስበው ሰውዬ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ትበትን ጀመር። ሐኪሙ ዓይንህን አይቶ «ከዚህ የተሻለ አይሆንም» ብሎን ነበር። አንተ ግን ገና ከበሩ ሳንወጣ «ሐኪሙ ተኳሽ አይደለም» ብለህ ነገሩን ዘጋኸው። ጥፋቱን ሁሉ ቱቦው ላይ አላከክ። ያንን ቱቦ! ቦዩን በእጅህ ስትቆርጥለት አንድ ሙሉ ክረምት የፈጀብህን! ልጃችን ከተወለደች ወዲህ በምንም ነገር እንደዚያ ስትኮራ አላየሁህም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጠራኸኝ። ቱቦውን በብረት መያዣው፣ በሞርሳው ላይ አስረህ፣ ጠበቅ ያለ ጨርቅ የተጠመጠመበትን ዘንግ እየገፋህ ጥምዙን ትለካ ነበር። ዘንጉ እየገባ ይዞራል፤ ግማሽ ዙር ሲሞላ አቆምክና

«ስንት ላይ ነው? አንብቢልኝ» አልከኝ።

«ሠላሳ ሦስት ኢንች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሠላሳ ሦስት ነው አልኩህ እኮ! አንተ አታይም እንዴ?»

«ብርሃኑ ደከም ብሏል» አልክ።

ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ እንደ አንሶላ ተዘርግታ ነበር። 

«በቃ፣ ሙሉ ዙሩ ስልሳ ስድስት ነው፤ በጣም ዘገምተኛ አድርጌዋለሁ ማለት ነው» አልክ። «ቦዩን ፍቄ አጠፋውና በአርባ ስምንት እንደገና እቆርጠዋለሁ።»

በዚያ ዓይን! ቱቦውን ስታበላሸው፣ ከዚያም ሰው መበላሸቱን ሲነግርህ ታየኝ። ቅስምህ ሲሰበር ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ሳላስበው «ቱቦውን አትንካው!» ብዬ ጮህኩ። «ጥፋቱ የጨርቁ ነው። አዲሱን አቡጀዲ ሳላጥብ ነው የሰጠሁህ። ሰነፍኩ።»

ወደ እኔ አየህ። ከዚያ ሞርሳውን ፈታህ። «አይ መቀሴ! ለካ አንቺ ነሽ ያዋረድሽኝ» ብለህ ሳቅህ።

ቱቦው ተረፈ። እኔ ግን ቅዳሜ የተኩስ ሜዳው ላይ ስንደርስ ባለ ሉካንዳው ሰምቶ ጠበቀኝ። «እትዬ፣ ባልሽን በአንድ ባልዲ ውኃ ሸጥሽው አሉ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ቀልዱስ ምንም አይደል። እኔን ያንገበገበኝ፣ እንዴት እንዲህ በቀላሉ አመንከኝ? ሠላሳ ዓመት ጣቴ እስኪላጥ ያጠብኩልህ ሰውዬ፣ «እውነትሽን ነው?» እንኳ አትልም? ወይ ጉድ! ዋሽቼ ሳበቃ አለመታመን አማረኝ።

ያን ዕለት «ይኸው፣ የታጠበ» ብዬ ያንኑ ጨርቅ ሰጠሁህ። አምስት ጊዜ ተኮስክ። ዒላማው ላይ ቀዳዳዎቹ እንደ በፊቱ እዚህም እዚያም ነበሩ። በጣትህ አንድ በአንድ ዳሰስካቸውና ሰው እስኪሰማ «አያችሁ? ተሻሻለ! ጨርቁ ነበር!» አልክ። ዓይኑ ጭራሽ ጠፍቷል ብዬ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ከሞርሳው ሥር ካለው መሳቢያ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣሁ። ተኩሰህ ስትጨርስ ሁልጊዜ ጎንበስ ብለህ ከፊትህ ሳሩ ላይ የወደቁትን ጨርቆች ትለቅም ነበር። እኔንም አስተምረኸኛል። «ጨርቅ አይዋሽም። ከተቀደደ ወይም ከተቃጠለ ነገሩን እሱ ላይ ፈልጊ። ሙሉ ሆኖ ከወደቀ ግን ጨርቁን ተይው፣ ሌላ ቦታ ሂጂ» ትለኝ ነበር። የተቀደዱትን ታስቀምጣለህ፣ ደህናዎቹን ትጥላለህ። ከደህና ጨርቅ ምን ትምህርት ይገኛል ትላለህ።

ቆርቆሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ደህናዎች ናቸው። ከዚያው ወር የቀን መቁጠሪያ በተገነጠለ ወረቀት ጠቅልለሃቸዋል፤ ቱቦውን ሞርሳ ላይ ካሰርክበት ከዚያ ወር። ስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። መሀላቸው ላይ የእርሳሱ ክብ ዱካ፣ ዙሪያውን የቦዮቹ ጥቁር መስመር አለ። አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል።

ታውቅ ነበር! እኔ ሞኟ ጨርቅ ለሚያነብ ሰው በጨርቅ ዋሸሁ። «ሰነፍኩ» ስልህ ማስረጃው ኪስህ ውስጥ ነበር። አንዲት ደቂቃም አላመንከኝም። ለምን እንደዋሸሁ ግን ገባህና ሞርሳውን ፈታህልኝ። «ተሻሻለ» ያልከውም ለእኔ ብለህ ነው። አንተ ሰውዬ፣ አንጀቴን በላኸው። እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ልጃችን ደንግጣ ውኃ ይዛልኝ ሮጣ መጣች።

ነገሩን ነገርኳት። ትናንት ጠመንጃህን ይዘን ወደ ሜዳው ሄድን። ከዚያው ከድሮው አቡጀዲ የተረፉ አምስት ጨርቆች ነበሩኝ፤ አንተ እንዳስተማርካት በእነሱ ተኮሰች። አምስቱም በስኒ አፍ ልክ ገቡ። ባለ ሉካንዳው ዒላማውን አይቶ እጁን አጨበጨበና «እትዬ! ያኔ እንዲህ ያለ ጨርቅ ብትሰጪው ኖሮ ያ ሰውዬ ይዋረድ ነበር?» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ባለኝ ቁጥር እሳት ለብሼ እሳት እጎርስ ነበር። ልጃችን ከሳሩ ላይ ሙሉውን ጨርቅ አንስታ፣ ምን ልትመልስ ነው ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አዎ» አልኩት። «ጨርቁ ነበር።»

በል ደህና ሁን፣ ሆዴ። ከጎንህ ቦታ ያዝልኝ፤ ግን አታጣድፈኝ። እኔም በስልሳ ስድስት አንድ ዙር እያልኩ እየመጣሁ ነው።

መቀስህ