ድምፁን ንፍሮ አድርገን በላነው

ረቡዕ

ዛሬም «ተሰረቅኩ» እያሉ ነው፤ ኦቦ ተማም፣ አከራዬ። ዓምና በሰፈሩ እድር ምርጫ ለሊቀመንበርነት ተወዳድረው በነርሷ በሲስተር አስቴር ተሸነፉ። በእሳቸው ቤት ግን እስካሁን አልተሸነፉም። አሁን ደግሞ የአስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ካልሆንኩ ብለዋል። የዘንድሮውን ምርጫ የሚያካሂዱት እሳቸው ሊሆኑ ነው እንግዲህ።

ዓምና ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። አስተማሪ ናት፣ ከሌላ አገር የመጣች ናት፣ አታዳላም ተብዬ። የእኛ እድር አመራረጥ ቀላል ነው። አባል ሁሉ አንድ ባቄላ ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ይገባል፣ ከሁለቱ እንስራ በአንዱ ይጥላል። ተቆጥሮ ሲያበቃ ባቄላው ተቀቅሎ እዚያው ይበላል። ችግሩም ይኸው ነው፤ እንደገና ይቆጠር ቢባል ምኑ ይቆጠራል? «ማስረጃውን ቀቅለው በሉት» ይላሉ ኦቦ ተማም። እሳቸውም አስጨምረው በልተዋል። ማን ደፍሮ ይንገራቸው!

ዓርብ

ከጁምዓ ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ስለ ስንዴው፣ ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ቆዩና እሁድ ስብሰባ ላይ ለኮሚቴው ሰብሳቢነት እንድጠቁማቸው ጠየቁኝ።

«ባርሲፍቱ፣ ቆጣሪዋ ራሷ ከጠቆመችኝ ለሰው ይገባዋል» አሉ፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው።

የሚገባው ምን እንደሆነ የታየኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ቆጠራው የተጭበረበረ ነበር ብዬ አመንኩ ማለት ነዋ! እምቢ ብልስ? በእኔ ደመወዝ ሮቤ ውስጥ ሌላ ቤት ከየት አመጣለሁ? ደግሞ ታይፎይድ ሲይዘኝ ያስታመመችኝ ሚስታቸው አዴ ዘይነባ ናት። ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ።

ቅዳሜ

ቤት ፍለጋ ጎባ ሄድኩ። አንድ ክፍል አገኘሁ፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቢሆንም ልይዘው ነበር። ባለቤቱ አየት አደረገኝና የኦቦ ተማም ተከራይ አይደለሽም ወይ አለኝ። ምን አጣልቷችሁ ነው ብሎ ሳይጨርስ ወጣሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሮቤ ሳይደርስ አይቀርም።

እሁድ

አልጠቆምኳቸውም። ሌላ ሰው ጠቆማቸው። ተነስተው የዓምናውን ስርቆት ተረኩና ወደ እኔ ዞሩ፤ ቆጣሪዋ ይህችው፣ ጠይቋት አሉ።

«በትክክል ቆጥሬያለሁ። ተሸንፈዋል» አልኩ።

ከዚያ እጅ አውጡ ተባለ። ኮሚቴ የሚመረጠው በእጅ ነው፤ ሁሉም ሁሉን ያያል። እኔ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ሌላው አወጣ፤ ሲስተር አስቴር እንኳን አወጣች። ምነው ብላት ሰላም ይሻላል ብዬ ነው አለችኝ። ኦቦ ተማም ተመረጡ። ይህኛውን ቆጠራ ተሰረቀ አላሉም።

ሰኞ

ጠዋት ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ስከት አንኳኩ። ልቀቂ ሊሉኝ ነው ብዬ ከፈትኩ። ፊታቸው ፈክቷል።

«ትናንት ዓይኔን አይተሽ ተናገርሽ። ከእንግዲህ አንቺን የማያምን የለም። ዘንድሮም ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ።»

ለሊቀመንበርነት የሚወዳደረው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ቢሸነፍስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አንቺ እያለሽማ አይሸነፍም» አሉ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው።

እሺም እምቢም አላልኩም። እሳቸው ግን እሺ እንዳልኩ ቆጥረው ሄደዋል።