ብየዳ መትቶኝ ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ለቡ የአንድ ቪላ በር ስበይድ ዋልኩ። ዓይኔ ደግሞ ደም መስሏል። ብየዳ መትቶኝ ነው። ወገቤም ጎንበስ ከማለት…

ዮዳሄ ዛሬም ትምህርት ቤት ቀረች። ጉልበቷ አብጧል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ደረጃ በቂጧ እየተንፏቀቀች ስትወርድ ማየት! ሦስት ወር ሆነ እኮ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
የልጆች ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ መቅደላዊት፣ እናቴም ካልሄድኩ ብላ። የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አለች ዶክተሯ። ልጅንም ይይዛል? ይይዛል። «በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለው፤ ጂኑ ያለበት ሁሉ ግን አይታመምም።»

ከዚያ ጠየቀች። ከቤተሰቡ ጠዋት ጠዋት ወገቡ የሚደርቅ፣ ዓይኑ እየቀላ የሚያመው አለ?

እናቴ አፏን ሞልታ፣ «በእኛ ዘር? በፍጹም!»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «የለም» አልኩ።

ለምን እንዲያ አልኩ?

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ምሳ ላይ እናቴ ጀመረች። «ስትጋቡ ዘሯን ወንጂ ድረስ ሄጄ አስጠንቻለሁ። ደብቀውኛል ማለት ነው!» መቅደላዊት ምግቧን ትታ ተነሳች። ጓዳ ሆና ለእናቷ ስትደውል ሰማሁ። «እማ፣ ከእኛ ሰው እንዲህ የሆነ ነበር? እባክሽ አትደብቂኝ…» ታለቅሳለች።

የእኛን ዘር ማን ጠየቀ? አባዬ አንገቱ አልዞር ብሎት በሙሉ ሰውነቱ ነበር የሚዞረው። ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ነው እንል ነበር። እኔስ ጠዋት ቁም ሳጥን ተደግፌ አይደል የምነሳው?

ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ዮዳሄ ግራ ዓይኗ ቀልቶ ተነሳች። «አባ፣ መጋረጃውን ዝጋው፣ ብርሃኑ ያመኛል።» ክው አልኩ። ያንን ሕመም አውቀዋለሁ። እሷ መቼ በየደች?

እዚያው ተናገርኩ። ዓይኔን፣ ወገቤን፣ አባዬን፣ ሁሉንም።

እናቴ፣ «የሞተ ሰው ስም አታንሳብኝ!»

መቅደላዊት አልጮኸችም። «እናቴን ሳስጨንቅ እየሰማህ ዝም አልክ?» ብላ ልጇን አቅፋ ወደ ሐኪም ቤት ወጣች። ተከትዬ ሮጥኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ዓይኗ ተርፏል። ተመስገን! ጠብታው ይቀጥላል፣ ለጉልበቷም መድኃኒት ጀምራለች። ዶክተሯ ግን አልማረችኝም። «ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ዓይኗን ቀድመን እናሳይ ነበር።» ለእኔም ራጅና የደም ምርመራ አዘዘች። እናቴ ከቤት ቀረች። መቅደላዊት ካስፈለጋት በቀር አታናግረኝም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ዮዳሄ ጠጋ አለችኝ።

«አባ፣ አንተም ጠዋት ትደርቃለህ?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወጣትነቴ።»

«እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ… ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ እግዚአብሔርን ይቅርታ ስጠይቅ ነበር።»

ከጎፋ እስከ ቤት መዳፌን ጉልበቷ ላይ አሳርፌ ሄድኩ።