ሞራና አበልጅ፦ የአቶ ቢራራ ክንዴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢራራ ክንዴ ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ አዳነ፣ በስሜን አውራጃ፣ ከአምባራስ በላይ ገብስ እንጂ ጤፍ በማይሞክረው ውርጭ አገር፣ በ1929 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ማግስት ተወለዱ። አባታቸው «ቄስ ላደርገው ነው» ብለው ከየኔታ እግር ሥር ቢያስቀምጧቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቅኔ ቤት ሊገቡ ሲሉ ግን አባታቸው በሳንባ ምች ስላረፉ፣ እናታቸውንና ታናሽ እህታቸውን ገበያነሽን ይዘው ደባርቅ ወረዱ። በከተማውም እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰንፈው አይደለም፤ ቤተሰብ ማሳደር ስለነበረባቸው ነው።

በ1946 ዓ.ም. ከአንድ ሥጋ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥረው ቢላዋ መያዝ ጀመሩ፤ በ1953 ዓ.ም. የራሳቸውን ሥጋ ቤት ከፈቱ። የደባርቅ ሰው ምስክር ነው፤ የቢራራ ሚዛን ብታጋድል ወደ ገዢው ነበር። በሬ ተገፍፎ ሽማግሌዎች ሞራውን ዘርግተው የዘመኑን ነገር፣ ጦሩንና ዝናቡን ሲያነቡበት፣ አቶ ቢራራ ከት ብለው እየሳቁ፣ «እኔስ የማነበው የበሬውን ጤና ብቻ ነው፤ ሞራው የሞላ ከብት ጤነኛ ነው» ይሉ ነበር። ሞራን እንዲህ ያምኑት ነበር፤ ሰውንም እንደዚያው።

በ1955 ዓ.ም. ከዳባቷ ልጅ ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተገኘ ጋር በቁርባን ተጋብተው ስጦታንና ጤናዬን ወለዱ። ስጦታ በ1957 ዓ.ም. በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባት ሆነው ያቀፉት አቶ ደምለው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አበልጅ ተባባሉ። አበልጅ ማለት በእኛ አገር ከሥጋ ወንድም ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ቀልድ ቢቀላለዱ እንኳ አንቱ እየተባባሉ ነበር። አቶ ደምለው በፍርድ ቤት በር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። የትኛዋ ቃል ባለጉዳዩን እንደምታስፈታ፣ የትኛዋ እንደምታሳስር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም።

የአቶ ቢራራ ሕመም የጀመረው በ1966 ዓ.ም. ነው። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ይከሳሉ፣ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ሜዳ ይወጣሉ። ሜዳ የምንለው ሽንት ቤት የሌለው ሰው ወደ ገደሉ አፍ ወርዶ የሚጸዳዳበትን ነው። መቼም የሥጋ ቤት ሰው ሆዱን ካመመው ፍርዱ አንድ ነው፤ ኮሶ ነው ተባለ። ኮሶ ዛፉ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። በየሁለት ወሩ እየተወቀጠ፣ እየተበጠበጠ ጠጡት። ትሉ አልወጣም፤ ደም ግን መጣ። ወይ አለማወቅ! በቆሰለ አንጀት ላይ ኮሶ ስናፈስበት የኖርነው እኛው ወዳጅ ዘመዶቻቸው ነን።

ደም የሚያስቀምጠው ሰው የቆረጠውን ሥጋ ማን ይገዛል? ስለዚህ ደሙን ደበቁት። ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሌላ ይህን የነገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአበልጃቸው። አቶ ደምለውም ለማንም ላይናገሩ የስጦታን ማተብ ይዘው ማሉላቸው።

ኅዳር 1970 ዓ.ም. ሰው ከቤቱ እየተለቀመ የሚሄድበት ክፉ ጊዜ ነበር። የቀበሌው ጥበቃዎች፣ «ቢራራ በጠዋትም በቀትርም እያጎነበሰ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ውኃ በኮዳ ይዟል፤ ቆይቶ ነው የሚመለሰው» ብለው ሪፖርት አደረጉ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ መሀል አቶ ደምለውን አስነሥቶ፣ «ጓድ ደምለው፣ አበልጅህ ነው። ምን ታውቃለህ?» አላቸው። አቶ ደምለው አንቱ የሚሏቸውን አበልጅ አንተ አድርገው፣ «ሜዳ ይወጣል» አሉ። ሁለት ቃል፤ በቃ። በዚያ ዘመን ሜዳ የወጣ ሲባል ጠመንጃ ካነሡት ጋር የገባ ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። አቶ ደምለው «ለሆዱ» የምትለዋን ቃል ቢጨምሩ ኖሮ ስብሰባው በሳቅ ይበተን ነበር። አልጨመሩም፤ ቁጭ አሉ።

አቶ ቢራራ ያን ዕለት ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ ከሥጋ ቤታቸው ተወሰዱ፤ አሥራ አንድ ወርም ታሰሩ። «ለሆዴ ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ድብደባውን አንዘረዝርም። ከድብደባው የባሰባቸው ስልሳ ሰው በታጎረበት ክፍል ሆዳቸው ሲላወስ በር የሚከፍት መታጣቱ ነበር። አብረዋቸው የታሰሩ አንድ የዳባት ነጋዴ፣ አቶ ሙሐመድአወል፣ ውዱእ የሚያደርጉባትን ማንቆርቆሪያ ሰጧቸው፤ ጋቢያቸውንም እየዘረጉ ከሰው ዓይን ይከልሏቸው ነበር። እኚህ ሰው ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ አይተዋቸው አያውቁም። ማተብ ይዘው የማሉት አበልጅ ግን ስንቅ ይዘው የእሥር ቤቱን በር አልረገጡም።

በጥቅምት 1971 ዓ.ም. «ማስረጃ አልተገኘብህም» ተብለው ሲፈቱ ሥጋ ቤታቸው የቀበሌ ሱቅ ሆኗል፤ የሱቁ ኃላፊ አቶ ደምለው ሆነዋል፤ ኮታቸውም በሬው ይሰቀልበት በነበረው ሜንጦ ላይ ተሰቅሏል። «አበልጄ፣ ምን በደልኩዎ?» ቢሏቸው፣ «ኧረ እኔ ምን ዋሸሁ? ሜዳ ይወጡ የለም እንዴ?» ብለው መለሱላቸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አቶ ቢራራ ተፈቱ እንጂ ስማቸው አልተፈታም። ስጦታ ዕድሜው ሲደርስ «የወንበዴ ልጅ» ተብሎ ከመምህርነት ሥልጠና ስሙ ተሰረዘ፤ ኋላ ጤናዬን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎችም ቃላቸውን አጠፉ።

በ1974 ዓ.ም. አንጀታቸው ተዘግቶ ጎንደር ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ዶክተር ያርጋል፣ አቶ ቢራራ ሲነቁ አጠገባቸው ተቀምጠው ያዩትን ነገሯቸው። ኮሶም አልነበረም፣ የአንጀት ነቀርሳም አልነበረም፤ አንጀትን ለዓመታት እያቆሰለ የሚኖር በሽታ ነው። የአንጀት ገጽ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት የተደረደሩበት ግንብ ነው፤ እነሱም በሥርዓት እየሞቱ በአዲስ ይተካሉ። በአቶ ቢራራ ሆድ ውስጥ ግን ያለ ቀናቸው በጅምላ እየሞቱ፣ አንዳንዱም ራሱን በራሱ እያጠፋ፣ ግንቡን ሸነቆሩት። ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው ሞራ ሽንቁሩን ሊደፍን እየተሳበ መጥቶ አንጀቱን አቀፈው። አቅፎም አልለቀቀም፤ ሕመሙን እያባባሰ፣ እየደደረ ሄዶ አነቀው። ለምን እንዲህ እንደሚሆን የዓለም ሐኪሞችም ገና በውል አልደረሱበትም።

አቶ ቢራራ አጥንታቸው የሚቆጠር ሰው ነበሩና፣ «እኔ ሞራ ከየት አባቴ አምጥቼ?» ብለው ተከራከሩ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የበሬ ሞራ እያዩ የኖሩ ሰው፣ የገዛ ራሳቸው ሞራ እንደከዳቸው ማመን አቃታቸው። ኋላ ግን፣ «ሊያድን መጥቶ፣ አቅፎ የሚያንቅ? እሱንስ አውቀዋለሁ፤ አበልጄ ነዋ!» አሉ። ዶክተሩ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አንድ ክንድ ያህል አንጀት ተቆርጦላቸው ሰባት ዓመት ደኅና ከረሙ።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ክርስቶስ ይቅር እንዲሉ በየጾሙ ይመክሯቸው ነበር። አቶ ቢራራም፣ «አባቴ፣ እሥሩንም ሱቁንም ለአበልጄ ትቼላቸዋለሁ። ስሜን ግን ይመልሱልኝ። የወሰዱት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይመልሱ» ይሏቸው ነበር። ወደ አቶ ደምለው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከ። ሦስቱንም ጊዜ፣ «ያልዋሸሁትን ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አሉ። አንጀታችን አርሮ ቀረ።

በ1981 ዓ.ም. ክረምት ሕመሙ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር መድኃኒቱም ጠበሉም አልያዘላቸውም። ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ልጆቻቸው ስጦታና ጤናዬ፣ እንዲሁም ይህን ታሪክ ከአፋቸው እየተቀበለች የጻፈችው እህታቸው ገበያነሽ ከኋላቸው ቀርተዋል። አቶ ሙሐመድአወልም ከዳባት መጥተው አስከሬኑን ተሸክመዋል።

ከማረፋቸው ሦስት ቀን አስቀድሞ አቶ ቢራራ፣ «ይህን ወረቀት አበልጄ ያንብቡት። ድምፃቸው ያምራል፤ በየቀብሩ የሟች ታሪክ የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው፤ ማን ይቃወማል?» ብለው ተናዘዙ። አቶ ደምለውም ትናንት ሲለመኑ ዕንባቸውን ጠርገው እሺ አሉ። ወረቀቱን የሰጠናቸው ግን እዚሁ መቃብሩ አፍ ላይ ነው።

እንግዲህ አቶ ደምለው፣ እስከዚህ ድረስ ካነበቡልን እግዚአብሔር ይስጥልን። መሀል ላይ ወረቀቱን አጥፈውት ከሆነም ግድ የለም፤ ካቆሙበት የሚቀጥለው የክርስትና ልጅዎ ስጦታ ነው። ሁለተኛው ቅጂ በኪሱ አለ።

የአቶ ቢራራን ነፍስ ቁስል በማይደማበት፣ ወዳጅ ወዳጁን በማይሸጥበት ሥፍራ እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አሜን ከመባሉ፣ አፈሩም ከመመለሱ በፊት ግን አንዲት መስመር ቀርታለች። ይህችን ስጦታ አያነባትም፤ መምሬም አያነቧትም። አስከሬኑ እስክትነበብ ይጠብቃል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆ የለም እንዴ! የአቶ ደምለው መስመር ይህች ናት፦

«አበልጄ አቶ ቢራራ ሜዳ ይወጡ የነበረው ለሆዳቸው ነው፤ እኔም አውቅ ነበር።»