ውሃ የገባበት ላምባ

…ልጆች ሳለን አባባ የላምባ ማሞቂያውን ክር ሲከረክም፣ እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን የመቀሱን ድምፅ ስንሰማ ትዝ አለኝ። እንደምን ከረምክ ወንድሜ? እኛስ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

ማሞቂያው ሰሞኑን እየተንጣጣ ይጠፋ ነበር። ታንኩን ስደፋው ላምባው ውሃ ገብቶበታል። የሞላው አባባ ነው። ጀሪካን ከጀሪካን ምን ይለየዋል? ማንም ይሳሳታል! ታንኩን አድርቄ አዲስ ክር ሳስገባ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ጫፉን እኩል አድርጊው እትዬ፣ አለዚያ ያጨሳል» አለኝ። እትዬ የሚላት ሟች እህቱን ነበር። «እሺ» ብዬ እኩል አደረግኩት። አላጨሰም።

ስለዚህ የመጦሪያ ቤቱን ነገር ዳግም እንዳታነሳብኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ አባቴ የሰው ፊት አያይም!

በል ሰላም ሁንልኝ፤ አባባም ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጽፍ ስል ኮቱን ደርቦ ተነሳ።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ልሂድ እንጂ፣ ቤት ይጠብቁኛል» አለኝ፣ እዚሁ ቤቱ ውስጥ ቆሞ። በሩ ተዘጋ።